በባልጩት ያልበላሁት ማዕድ

ከኮልፌ መነሣት

ረቡዕ ማለዳ ጀንበር ሳትወጣ ከኮልፌ ተነሣሁ። ለቤተ ሰቤ የነገርሁት ምክንያት አንድ ነበር፤ በልቤ የያዝሁት ሌላ። የነገርሁት፣ ከአዋሽ ወዲህ ባልጩት በምትባል መንደር የጥንት ሰዎች የሠሩባቸው ድንጋዮች መኖራቸውን ሰምቼ ላያቸው እንደምሄድ ነው። ይህም ሐሰት አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ከቆጠርሁ በኋላ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት በወፍጮ ቤት ጸሐፊነቴ ከሚዛን አጠገብ ተቀምጬ በማንበብ ነው። የዓለምን ታሪክ የሚናገር አንድ መጽሐፍ አለኝ። ስለ ግብፅና ስለ ባቢሎን፣ ከነሱም በፊት በድንጋይ እየቆረጡ ቆዳ ይለብሱ ስለነበሩ ሰዎች የሚናገረውን ለልጆቼ ደጋግሜ አንብቤላቸዋለሁ። ሲያዛጉም ተቆጥቻቸዋለሁ።

በልቤ የያዝሁት ግን አጥንት መጠየቅ ነበር። ታላቋን ልጄን አስካለን ደምሴ የሚባል ጎረምሳ ሽማግሌ ልኮ ጠይቋታል። ደምሴ ግንበኛ ነው። አባቱ ሞቶበት ከእናቱ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ከኛ ቤት ወረድ ብሎ ከወንዙ ማዶ ይኖራል። ትሑት ልጅ ስለሆነ እሺ ለማለት ተቃርቤ ነበር። አንድ ጎረቤቴ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዴን ያዘና፣

«ልጁ የባልጩት ዘር መሆኑን ታውቃለህ?» አለኝ።

«ቢሆንስ?»

«ባልጩት ሰው ምን እንደሚሠራ ሂድና በዓይንህ እይ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሽማግሌዎቹን እስከ ጰራቅሊጦስ ታገሡኝ ብያቸው ነበርና፣ ልጄ ታገባለች ወይም አታገባም የሚለው ነገር በዚህ መንገድ ላይ ተንጠለጠለ።

አስካለ ቆሎና ዳቦ ስትቋጥርልኝ፣ «አባባ፣ ድንጋይ ለማየት ይህን ያህል ይደክማሉ?» አለችኝ።

«ዕውቀት ያለ ድካም አይገኝም» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝና ቋጠሮውን አጠበቀች።

በካሚዮን ላይ

ለመንገድ ሥራ ሲሚንቶ የሚጭን ካሚዮን ላይ ቦታ ያገኘልኝ ራሱ ደምሴ ነው። «ድንጋዩን ከፈለጉ አጎቴ አቶ ቱፋ ያሳዩዎታል፤ እሳቸው ዘንድ ይደሩ» ብሎኝ ነበር። ይህን ሲለኝ ዓይን ዓይኔን አላየኝም፤ እኔም የሱን አላየሁም።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ከከተማ መውጫው ሁሉ ኬላ ሆኗል። ወታደሮቹ የይለፍ ወረቀቴን ገለባብጠው አዩና መለሱልኝ። ካሚዮኑ በባሕር ዛፉ መካከል አልፎ ሜዳው ላይ ሲወጣ ወጨጫ በቀኝ፣ ፉሪ በግራ ታዩን። የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ዋልካው እንደ ሊጥ ቦክቷል። ገበሬዎች በሬ ጠምደው ያርሳሉ፤ አንዱ ካሚዮኑን ሲያይ እርፉን እንደያዘ ቆሞ ጀርባውን ሰጠን።

ዓለም ገና ላይ ቆምን። ነጂው ጣሊያን ነው፤ ነጮች ብቻ ወደሚስተናገዱባት ቡና ቤት ገባ። እኔና አንዲት ቅቤ ነጋዴ ሴት ከመንኮራኩሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አንዲት ልጅ በአንድ ሊሬ ሦስት የምትሸጠውን እንቁላል ገዛሁና ቀቅላ ሰጠችኝ፤ ጨዋማ ስለነበር ውኃ ጠማኝ። ነጂው ሲመለስ ለመንሁት። ከኮዳው በአሮጌ ጣሳ ቀድቶ ሰጠኝ። ጠጥቼ ስመልስለት ጣሳውን በሁለት ጣቱ ያዘና ወደ ቦዩ ወረወረው።

ፊቴ ጋለ። ነጋዴዋ አይታኝ፣ «አይናደዱ አባቴ፤ ጣሳውን ጣለ እንጂ እርስዎን አልጣለዎት» አለችና ቦዩ ውስጥ ወርዳ ጣሳውን አነሣችው። በቀሚሷ ጠረገችና፣ «ለቅቤ መስፈሪያ ይሆነኛል» ብላ ከዕቃዋ ጋር ከተተችው። እርሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። እስክወርድ ድረስ፣ ሰው ከሰው ጋር አልጠጣም ሲል ከአራዊት እንደሚያንስ የሚገልጽ ንግግር በልቤ ስደረድር ቆየሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ባልጩት

ወደ አዋሽ ከመድረሳችን በፊት ወረድሁና በእግር መንገዱ ሄድሁ። መንደሯ ስትቀርብ መሬቱ ማብረቅረቅ ጀመረ። የጥቁር ጠርሙስ ስባሪ የመሰለ ድንጋይ በየእርሻው፣ በየአጥሩ ሥር ተበትኗል። ባልጩት የሚባለው ይህ ድንጋይ ነው፤ መንደሯም ስሟን ያገኘችው ከርሱ ነው። አንዱን አንሥቼ ጣቴን ባስነካው ደሜ ወጣ።

አቶ ቱፋን ከደጁ አገኘሁት። ሽበት የጀመረው፣ ክንደ ብርቱ ሰው ነው። የበሬ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ ይፍቃል። መፋቂያው እጀታ እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ በሙጫ የተጣበቀው ስለት ግን ያው ባልጩት ነው። የጎረቤቴ ነገር ገባኝ። ፋቂ ናቸው።

ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው የፋቂን ነገር ያውቃል። ከፋቂ ጋር አንበላም፣ አንጋባም፣ ዓይናቸውም ሰው ይበላል እንላለን። እኔ ይህ ድንቁርና ነው ብዬ ልጆቼን አስተምሬአለሁ። አቶ ቱፋ እጁን ታጥቦ ሊስመኝ ሲቀርብ ግን ጉንጬ ከመድረሱ በፊት ትከሻዬ ቀደመ።

«ድንጋይ ሊያዩ መምጣትዎን ሰምቻለሁ፤ ሳይመሽ እንሂድ» አለኝ።

ከመንደሩ በታች ዝናብ የቦረቦረው ገደል አለ። ከግድግዳው ውስጥ በአፈር የተቀበረ ባልጩት ንብርብር ሆኖ ይታያል። አቶ ቱፋ አንዱን ፈልቅቆ አወጣና ከመፋቂያው ስለት አጠገብ በመዳፉ ላይ አስቀመጠልኝ። ቅርጻቸው የወንድማማቾች ያህል ይመሳሰላል። ከአፈር የወጣው ግን ዕድሜ ፊቱን አደብዝዞታል።

«ይኸኛው የኛ አይደለም» አለኝ። «የአባቴም የአያቴም አይደለም። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

እኔም መጽሐፌን አስታወስሁና መናገር ጀመርሁ። ንጉሥ ሳይነግሥ፣ ከተማ ሳይቆረቆር፣ ማረሻ ሳይቀጠቀጥ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከአውሬው ቆዳ ልብስ ያወጣው እንዲህ ባለ ስለት መሆኑን ነገርሁት። ጎረቤት ከጎረቤቱ መኖር የጀመረው፣ አንዱ ያደነውን ሌላው ሲፍቅለት፣ ሌላው ሲሰፋለት ነው አልሁ። ግብፅም አክሱምም የቆሙት በዚህ ሥራ ጫንቃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፋቂን የሚንቅ የገዛ አባቱን ይንቃል አልሁ። እጄን እያወናጨፍሁ፣ ልጆቼን በምቆጣበት ድምፅ ነበር የተናገርሁት።

ስጨርስ አቶ ቱፋ፣ «ደግ ነገር ተናገሩ» አለኝ። «ሚስቴ ወርቄም ብትሰማው ደስ ይላት ነበር። በሉ እንግዲህ፣ በግ አርደንልዎታል።»

ማዕዱ

ወርቄ ሳቂታና ምላሰኛ ሴት ናት። ገበታው ቀረበ፣ እጅ ታጠብን፣ ጸሎት ተደረገ። አቶ ቱፋ ከሥጋው ለስላሳውን መርጦ በእንጀራ ጠቀለለና እጁን ወደ አፌ ዘረጋ።

ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሳላስብ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ረቡዕ ነው፣ ጾመኛ ነኝ» አልሁ።

የተዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ጌታዬ፣ በዓለ ሃምሳ ነው እኮ» አለ አቶ ቱፋ ቀስ ብሎ። «ከትንሣኤ ወዲህ የረቡዕ ጾም የለም።»

ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት በፋሲካ ከቤቴ በግ አርጃለሁ። ዛሬም በመንገድ እንቁላል በልቻለሁ።

ወርቄ፣ «እንጃ፣ በአዲስ አበባ ጾሙን ጣሊያን ለውጦት ይሆናላ» አለች። ማንም አልሳቀም።

«የስእለት ጾም ነው» አልሁ። በሐሰት ላይ ሐሰት ጨመርሁ።

አቶ ቱፋ ጉርሻውን መልሶ ከገበታው ጠርዝ አኖረው። ከስንቄ ቆሎ አወጣሁና ቆረጠምሁ። ከጥርሴ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ያነጠፉልኝም ቁርበት ነበር፤ እርሱን አልጠላሁትም፣ ለስላሳና ሞቃት ነው፣ ተኛሁበት።

መመለስ

ጠዋት ወርቄ ቁርበቱን እየጠቀለለች፣ «ደህና አሳደረዎት?» አለችኝ።

«ደህና አድሬአለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ተመስገን። ቁርበቱ እንኳ ቀናው።»

አቶ ቱፋ እንደ ደንቡ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኝ። መንገዱ ሲታይ ቆመና፣

«ደምሴ ቃል ልኮብኝ ነበር» አለ። «‘አጥንታችንን ሊጠይቁ ነው የሚመጡ፤ ሥራህን አትደብቅ’ ብሎ። ቆዳውን ከደጄ ያላነሣሁት ለዚያ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ።

«ደብቄው ቢሆን ይበሉ ነበር?»

«እበላ ነበር» አልሁት። ከመጣሁ ጀምሮ የተናገርሁት እውነት ይህ ብቻ ነበር።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ይስሙኝ። ልጅዎን እኛ አንወስድም። እርስዎ ባይከለክሉ እንኳ እኔ እከለክላለሁ። አባቷ ያልቀመሰው ገበታ ላይ ልጅቷን አስቀምጬ የወንድሜን ልጅ ዕድሜ ልኩን አንገት አላስደፋውም። ደምሴ ደግሞ ከኔ ቃል አይወጣም።»

እውነቱን ከጻፍሁ አይቀር ይህንንም ልጻፍ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። የኔን ክፉ ሥራ ሌላ ሰው ሠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አቶ ቱፋ ዞሮ መሄድ እስኪጀምር እንኳ አልቆየም። ጀርባውን ሳይ፣ በመንደሩ ፊት በግ አርዶ እንግዳው እንዳልበላለት፣ ይህንንም ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያወራው ገባኝ።

ጠጠር በጫነ ካሚዮን ላይ ተሳፍሬ ተመለስሁ። በመንገድ ሁሉ ለነጂው የደረደርሁትን ንግግር ለማስታወስ ሞከርሁ፤ ቃሉ ሁሉ ወደ ራሴ የሚዞር ሆነብኝና ተውሁት።

ኮልፌ

አስካለ እግሬን ልታጥብ ውኃ አቀረበች። እግሬን ሰበሰብሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ የዋሸሁትን ጾም ሳይቀር። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ሥራቸውን አውቃለሁ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወይዘሮ ዘነበች ቤት ስንት ጊዜ በልቻለሁ፤ ከአቶ ቱፋም ጋር ሲመጡ አብሬ በልቻለሁ። ምን ሆንሁ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጽሐፉን ሲያነቡልን እርስዎ ከኛ አስቀድመው የሚያውቁት መስሎኝ ነበር።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተናግሮኛል፤ እንደዚህ ያለ ግን የለም። ደግሞም በቁጣ አልተናገረችውም።

በማግሥቱ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ሄድሁ። ብቻዬን አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ይዤ ነው። አብሮኝ እንዲሄድ የጠየቅሁት ሌላ ጎረቤቴ፣ «ሴት ልጅ ይዞ ሽማግሌ የሚልክ አባት አላየሁም፤ መሳቂያ አታድርገኝ» ብሎ ቀረ። ከደጁ ቆምን። ወይዘሮ ዘነበች ወጥታ፣ «ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ» አለችን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልሁ።

«እንዲህ የሚለው የወንድ ወገን ነው እኮ።»

«ልጅዎን ለልጄ ልጠይቅ ነው የመጣሁ። በአቶ ቱፋ ቤት ያደረግሁትንም ሰምተው ይሆናል።»

«ሰምቻለሁ» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲህ እንደ ደንቡ ልመልስልዎት። ከዘመድ ጋር እንመክርበታለን፤ በሌላ ቀን ይመለሱ።»

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድሁ፤ ያንኑ መለሰችልኝ። ደምሴ ከቤት ነበር፤ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ እንጂ አልተናገረም። ከባልጩት ምላሽ እስኪመጣ ድረስ የልጄ ነገር በነሱ እጅ ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁትን በአጭሩ ልናገር። የሰው ልጅ በድንጋይ ስለት ተነሥቶ እስከ ከተማ የደረሰበትን መንገድ ማወቅ ቀላል ነው፤ ከአንድ ገበታ እስከ አፍ ያለውን መንገድ እኔ መሄድ አልቻልሁም። ልጆቹን የሚያስተምር አባት ቢኖር፣ ከማስተማሩ በፊት እጁን ይዘርጋ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ነገ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና ከደጃቸው ሄጄ እቆማለሁ። አስካለ ዛሬ ጋቢዬን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ከመኝታዬ ላይ አኑራልኛለች።