አባቴ በምላሱ የመረጣት ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ልጃገረድ ጠንካራ ከረሜላ አፏ ውስጥ እያንከባለለች ከጥርሷ ጋር ስታጋጨው፣ ቀጭን፣ ደረቅና ንጹሕ ድምፅ ሰማሁ፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ከደብረ ሲናም ወርደን የቆላው ሙቀት በመስኮት እስኪገባ ድረስ ጆሮዬን ከዚያች ልጅ አፍ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። አባቴ የቀለበት ድንጋይ ሲመረምር ከፊት ጥርሱ ጋር በቀስታ ያጋጨው ነበር፤ ድምፁም ልክ እንዲህ ነበር።

አባቴ ይማም በይፋት ቆላ ገበያዎች እየዞረ ዶቃ፣ የብር ጌጥና የቀለበት ድንጋይ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ወደ ማጀቴ ገበያ ሲወጣ ሸቀጡን በአህያ ጭኖ፣ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲወርድ ደግሞ የጭነት መኪና ለምኖ ይሄድ ነበር። እርሱ የሸጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሌላው የሸጠውም ጭምር እየመጣ ፊቱ ይቀርብ ስለ ነበር፣ በገበያ ቀን ከሚሸጥበት ሰዓት ይልቅ የሰው ጌጥ እያገላበጠ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት ሰዓት ይበልጥ ነበር።

በቤታችን ከአያቶቻችን የመጣ አንድ ልማድ ነበር። ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ በራሱ እጅ መርጦ የገዛት የጨረቃ ድንጋይ በብር ቀለበት ላይ ተሰክታ፣ ከኒካሑ በፊት በአባቷ እጅ ጣቷ ላይ ትገባ ነበር። ድንጋዪቱ ከባሕር ማዶ ተሻግራ በሐረር ነጋዴዎች በኩል የምትመጣ፣ በገበያችንም እምብዛም የማትገኝ ነበረች። ወንድም ወይም አጎት የመረጣት ድንጋይ፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ የአባት ቀለበት አትባልም ነበር።

በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከጥላ ሥር ሲሰበስብ፣ አባቴ ከግቢያችን ማንጎ ሥር ጥቁር ጨርቅ አንጥፎ፣ የተለያዩ ነጫጭ ድንጋዮችን ደባልቆ በላዩ ይበትንና ታላቅ እኅቴን ዘሃራንና እኔን ያወዳድረን ነበር። ብርጭቆ በእጅ ሲያዝ ቶሎ ይሞቃል፣ ጥርስም ላይ ድምፁ የደነዘዘ ነው። ከወደ ደጋው ገደል እረኞች እየፈለፈሉ የሚያመጡት፣ ዛሬ ኦፓል የሚባለው ድንጋይ በውስጡ ብዙ ቀለም ቢያሳይም፣ ውሃ ስለሚጠጣ ምላስ ላይ ይጣበቃል። አንድ ጊዜ ከማጀቴ የመጣች ሙሽራ፣ ለሶላት ታጥባ ውዱእ ባደረገች ቁጥር የቀለበቷ ብርሃን እየጠፋ እንደ ተራ ውሃ እንደሚሆን፣ ጂን እንደ ወሰደባትም እያለቀሰች ነግራው፣ አባቴ ቀለበቱን ተቀብሎ ነፋሻማ ቦታ አስቀምጦ ካደረቀው በኋላ፣ ቀለሙ ሲመለስ «በይ እንግዲህ፣ ጂኑ ውሃ ጠምቶት ነበር» ብሎ ገበያውን አስቆታል።

ሦስተኛው ግን ከባድ ነበር። ከወንዝ ዳር የሚለቀመው ወተት መሳይ ድንጋይ ተሞርዶ ሲለሰልስ እንደ ጨረቃ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ጥርስም ላይ እንደ እርሱ ይጮኻል፣ ምላስ ላይም አይጣበቅም። የሚለየው በብርሃኑ ብቻ ነበር። የጨረቃ ድንጋይ በጥላ ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲዞር፣ ከላዩ ሰማያዊነት የነካው ነጭ ብርሃን ይንሳፈፍና ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ የወንዙ ድንጋይ ግን የረጋ ወተት ሆኖ ይቀራል። «ብርሃኑ ይሄዳል ወይስ ቆሟል? ሌላው ሁሉ ያታልላችኋል» ይለን ነበር። እኔ ሲያቅተኝ ቀና ብዬ የእርሱን ፊት ስለምመለከት፣ «ፋጡሜ፣ መልሱን ከድንጋዩ ላይ እንጂ ከእኔ ፊት ላይ አትፈልጊው» እያለ አገጬን በጣቱ ወደ ጨርቁ ይመልሰው ነበር። ዘሃራ ደግሞ «ተያት አባ፣ እርሷ በጠርሙስ ስባሪ ነው የምትዳረው» ትልና ታስቀኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት የሮቢ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ሲዘጋ፣ አባቴ ከገበያ ቀርቶ ቤት ይውል ጀመር። መጀመሪያ የኩራዙ ጭስ ነው ይል ነበር፤ ቀጥሎም የዝናቡ ጉም ነው አለ። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን ጉሙ ከእርሱ ዓይን አልወጣም። ማሽላው አሽቶ ወፍ መጠበቅ ሲጀመር፣ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ይቀመጥና፣ ወፉ ከፊቱ ሰፍሮ ሲለቅም እርሱ ድምፅ ወደ ሰማበት ወደ ሌላው ማዕዘን ይወነጭፍ ነበር። በዓይኑ ብሌን ላይ ነጭ ነገር መታየት የጀመረው ያኔ ነው። እናቴ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ እያመጣች ታጥበው፣ እርሱም እሺ እያለ ይታጠብላት ነበር።

በመኸር ማብቂያ እናቴ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ለምና ቤት ድረስ አመጣችው። ድሬሰሩ የአባቴን ሽፋሽፍት ገልጦ በባትሪ ካየ በኋላ፣ «ጋሽ ይማም፣ ይህ የዓይን ሞራ ነው። አዲስ አበባ ሄደው ቢገፈፉ ያያሉ። ነገር ግን ከዘገየ ዓይኑን ሊያበላሸው ይችላል» አለው።

«ምላጭ ዓይኔ ውስጥ? በግ ነኝ እንዴ የምገፈፈው?»

«ታዲያ ፊታችንን ዳግመኛ ማየት አይፈልጉም?» አለች እናቴ፤ አባቴን ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትለው።

የዘሃራ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። «ስሚኝ» አላት አባቴ፤ «የዘሃራን ድንጋይ በራሴ እጅ መምረጥ ካቃተኝ፣ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን እጄን ይዛችሁ ውሰዱኝ። ወላሂ፣ ሠርጉ እንዳለፈ እሄዳለሁ። ከመረጥኩ ግን ስለ ምላጭ ዳግመኛ እንዳታነሡብኝ።»

እናቴ ይህን መሐላ እንደ ትልቅ ስጦታ ተቀበለችው። እርሱ ሲወጣ ዘሃራንና እኔን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ «አብራችሁት ትሄዳላችሁ። የሚሳሳት ከሆነ ይሳሳት፤ እናንተ እውነቱን ብቻ ይዛችሁልኝ ኑ» አለችን። እንዲሳሳት ዱዓ ታደርግ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ሰግዳ ስትጨርስ እጇን እንደ ዘረጋች ከወትሮው ረዘም አድርጋ ትቀመጥ ነበርና።

ጥር ገብቶ አንድ እሑድ ሰንበቴ ወረድን። ከሐረር እየመጣ ጌጥ የሚሸጠው ሐሰን፣ አባቴን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀውና የሚፈራው ነጋዴ ነበር። ያን ቀን ዘሃራ አባቷን በክንዱ ይዛ ስታመጣው አይቶ ድፍረት አገኘ። አባቴ ተቀምጦ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ምላሱና ወደ ጥርሱ ሲያስጠጋ፣ ሐሰን ገበያተኛው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሽ ይማም፣ ዘንድሮ በመቅመስ ሆነ እንዴ? ድንጋይ ነው እኮ፣ ማር አይደለም!» አለ።

«ያንተን ብርጭቆ ለመለየትማ ምላስም ይበዛበታል» አለና አባቴ፣ አንዱን ፍሬ ወደ ሐሰን ጨርቅ ወረወረለት። ብርጭቆ ነበር። ሰው ሳቀ። ሌላዋን ምላሱ ላይ አድርጎ፣ «ይቺ የደጋ ናት፣ ውሃ ጠምቷታል» ብሎ መለሰለት፤ አሁንም ትክክል ነበር። አላፊው ሁሉ ቆሞ ይመለከት ጀመር፤ የግመል ገመድ የያዙ አፋሮች፣ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች፣ የአባቴን ዓይን ነገር የሰሙ የሰፈራችን ሰዎች ጭምር ከበቡን። ሐሰን መሳቁን ትቶ ድንጋዮቹን በየተራ ያቀብለው ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አባቴ ጋቢውን ለጥላ ፊቱ ላይ ከልሎ፣ ድንጋዮቹን በሁለት ጣቶቹ ቀስ እያደረገ ያዞራቸው ጀመር፤ ከማንጎው ሥር ያደርገው እንደ ነበረው፣ አንገቱን በዚያው መንገድ አዘንብሎ፣ ዓይኖቹንም በዚያው መንገድ አጥብቦ። አንዷን ለሐሰን መለሰ። ሌላዋን መዳፉ ላይ አስቀመጠና ወደ ዘሃራ ዘረጋት።

«ይቺ ናት። ዘሃራ፣ ነይ እዪልኝ። ብርሃኗ ይሄዳል?»

መዳፉ ላይ የነበረችው የረጋ ወተት ነበረች። ሐሰን እጅ የቀረችው፣ እጁን ትንሽ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሰማያዊ ብርሃን ከጠርዝ ጠርዝ ይመላለስባት ነበር። ሐሰን አፉን ከፈተ፤ ዘሃራን አየና መልሶ ዘጋው። እኔ ድንጋዩን ትቼ የአባቴን ፊት አየሁ። ከክረምት ወዲህ እንዲያ ያለ ደስታ አይቼበት አላውቅም ነበር። አገጬን የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም።

«ይሄዳል አባ» አለች ዘሃራ። «እንደ ውሃ ይሄዳል።»

ገበያተኛው አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ «ማሻ አላህ፣ ይማም ዓይኑ ጣቱ ላይ ነው!» ሲሉ አባቴ እንደ ልጅ አፈረ። ስንመለስ፣ በመንገዳችን ባለችው ጀውሃ እርሱ ከሰዎች ጋር ሲጫወት ዘሃራን በሹክሹክታ፣ «እማ እውነቱን ይዛችሁ ኑ ብላን አልነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ያ ሁሉ ሰው ከቦት?» አለችኝ። «ስትዳሪ ይገባሻል።» የእርሷም ዕድሜ ቢሆን ገና የልጅ ዕድሜ ነበር።

አባቴ ከግቢያችን በር ሳይደርስ «መረጥኩ!» እያለ ይጣራ ጀመር። እናቴ ድንጋዪቱን ተቀብላ በራፉ ላይ ወዳለው ብርሃን አውጥታ አዞረቻት፤ ደግማ አዞረቻት። ከዚያም ዘሃራን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። የምትናገር መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ደፉ ላይ ተቀምጦ ሐሰንን እንዴት እንዳሳፈረው ለጎረቤት እየተረከ፣ ከሳቅ የተነሣ ትንፋሽ አጥሮት ነበርና፣ «ማሻ አላህ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከሠርጉ በኋላ ትነግረዋለች ብለን ጠበቅን። ሠርጉ አለፈ፤ ዘሃራ ቀለበቷን አድርጋ ወደ ባሏ አገር ሄደች። በልግ ሲገባ እናቴ የአዲስ አበባን ነገር ብታነሣ፣ «በገበያ መሀል አልመረጥኩም? ምን ቀረብኝ?» ይላት ነበር፤ እርሷም ነገሩን ትተወው ነበር። ክረምቱን አንደኛው ዓይኑ ጠፋ። ለከርሞው ሁለተኛውም ተከተለ። በዚያ መሀል ለአንድ የማጀቴ ሰው የወንዝ ድንጋይ የጨረቃ ድንጋይ ነው ብሎ አሳልፎለት፣ ሰውየው በገበያ መሀል መልሶ ካመጣበት ቀን በኋላ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ገባና ገበያ መውጣት ተወ። ያን ቀን ሰንበቴን አስቦ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ዘሃራን አንድም ቀን አልጠየቃትም። የዘሃራን ልጆች ያወቃቸው በጣቶቹ ፊታቸውን እየዳሰሰ ነው። አንዱን «አፍንጫው የእኔ ነው» ይል ነበር፤ እውነትም የእርሱ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን በትምህርት ላይ ሳለሁ አባቴ በወባ ታሞ ሞተ።

እኔ የንግድ ዕቃዎችን ጥራት በሚመረምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ጡረታ እስከምወጣ ድረስ በዚያው ሠርቻለሁ። በዓይኔ ሳላየው የፈረምኩበት ዕቃ የለም፤ ይህን ስል መኩራቴ ካልቀረ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዛሬ በጣርማ በር ሳልፍ፣ መኪናው እንደ ቆመ ወጣቶች ኦፓል በሳህን ውሃ ውስጥ አድርገው፣ «እማማ፣ ኦሪጅናል ነው!» እያሉ በመስኮት ያሳዩኛል። እኔም ሳልገዛ አይቼ እመልስላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን ሳህኑም ውሃውም ደበዘዙብኝ። የዓይን ሞራ ነበር። ዘንድሮ ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ቀጠሮ ሲሰጠኝ፣ አሁን ባሏ የሞተባትና ከእኔ ጋር የምትኖረው ዘሃራ አብራኝ ሄደች። ጠዋት ገባሁ፤ ተኝቼ ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ስለ አንድ የጋራ ወዳጃቸው ሠርግ ሲያወሩ እየሰማሁ ሳለ፣ «ጨርሰናል» አሉኝ። በማግስቱ ነርሷ የዓይኔን ፋሻ ስታነሣው መጀመሪያ ያየሁት የእኅቴን ፊት ነበር፤ ለካስ እንዲህ አርጅታለች።

«አየሽኝ?» አለችኝ።

«አየሁሽ።»

ወደ ነርሷ ዞረች። «ይኸው ነው? ሌላ የለውም?»

«ይኸው ነው እማማ፣ አለቀ። ጠብታዋን ብቻ በሰዓቱ ያድርጉላቸው።»

ዘሃራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ደክሟት መስሏት ውሃ አመጣችላት፤ እርሷ ግን ውሃውን በእጇ ይዛ፣ ሳትጠጣው፣ «ይኸው ነው» እያለች ለራሷ ትደግመው ነበር። ምን ልበላት? በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ሩቅ ነበረች፣ ምላጩም ያስፈራ ነበር፣ እርሷም አባቷን በሰው ፊት ለማዋረድ ያልቻለች የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ይህን ሁሉ አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። ዛሬ ሁለታችንም አባታችን በሞተበት ጊዜ ከነበረው ዕድሜ ብዙ አልፈናል፤ ማታ ማታ ጠብታውን ዓይኔ ላይ የምታደርግልኝ እርሷ ናት፣ ባደረገችልኝም ቁጥር «አየሽኝ?» ትለኛለች።