አባቴ በጆሮው ያነበበው መጽሐፍ

«አላነበብከውም። አላነበብኩትም በለኝና እዚሁ ይብቃን» አለ አጎቴ ለሚ፣ ዝናብ ያራሰውን ጃኬቱን ሳያወልቅ ሳሎናችን መሀል ቆሞ።

«ሶዳ፣ አንብቤዋለሁ» አለ አባቴ፤ አማች አማቹን በኦሮምኛ የሚጠራበትን ይህን ቃል ሲጣላም አይተወውም ነበር።

«አንብበህ ነው ‹ደራሲው ከእናቱ ሞት ሸሽቷል› ብለህ ጋዜጣ ላይ ያወጣኸው? እዚያ ሸነን ከተማ የቸርች ሰዎች ‹ለሚ፣ እናትህን መቅበር ፈራህ እንዴ› ይሉኛል። መጽሐፌን የገዛ የለም፤ ያንተን ጋዜጣ ግን ሁሉም አንብቧል።»

ዛሬም አምቦ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ያ ክርክር ይመለስብኛል፤ ከክርክሩም ጀርባ መጽሐፍ የምታነብ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል።

አባቴ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ሃያሲ ነበር። ደንዲ ገጠር ኦሮምኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት አድጎ፣ አማርኛን ከጎረቤት ሬዲዮ የመጽሐፍ ትረካ እየሰማ ተምሮ፣ ጊንጪ አስተማሪ ሳለ ተማሪዎቹ ስላሳዩት ቲያትር አንድ ገጽ ጽፎ አዲስ አበባ ቢልክ ታተመለት። እኔ ነፍስ ሳውቅ አምቦ ላይ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር፣ ለአንድ ጋዜጣም ሂስ ይጽፍ ነበር፤ አሳታሚዎችም አዳዲስ መጻሕፍት በሚኒባስ ይልኩለት ነበር።

ቋንቋው በጆሮው ስለገባ የሚያምነው ጆሮውን ነበር። መጽሐፍ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እናቴን ወይም እኔን ጮክ ብለን እንድናነብለት ያደርግ ነበር። ምላሳችን የተደናቀፈበት ቦታ ሲደርስ የወንበሩን እጀታ በእርሳስ ይመታል፤ እኛም መስመሩን እናሰምርበታለን። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ንባቡ ይበረታ ነበር። እናቴ አስቴር ነርስ ናት፤ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ፣ ነጭ ጋውኗን በሩ ጀርባ ሰቅላ፣ ሻይዋን ይዛ ትጀምራለች፤ አንዲት ሴት በልቦለዱ ውስጥ እያለቀሰች ሳለ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ በኦሮምኛ «ወጡን እዪው» ትለኝና ወደ ለቅሶው ትመለሳለች።

በጋ ሲገባ እንግዶች ይመጡ ነበር። አንድ ጊዜ በሂሱ የተቀየመ ደራሲ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አባቴ ምንም ሳይከራከር የሰውየውን መጽሐፍ ሰጥቶ «አንብብልን» አለው። ሰውየው ሁለተኛው ገጽ ላይ ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣና «ለካ ዓረፍተ ነገሬ ረጅም ነው» ብሎ ሳቀ፤ ምሳ በልቶ ወዳጅ ሆኖ ሄደ። ኢንተርኔት በሚቋረጥባቸው ወራት አባቴ ጽሑፉን በፖስታ አሽጎ ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጥ ነበር፤ ሾፌሩም «ኦቦ ገመቹ፣ የዛሬውስ ሰውዬ ምን አደረገህ?» ይለው ነበር።

አጎቴ ለሚ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሸነን እያስተማረ፣ ስለ ሟች እናታቸው ብዙ ዓመት የለፋበትን የመጀመሪያ ልቦለዱን በበልግ አሳተመ። እናቴ «የወንድሜን ማንም አይነካብኝም፣ እኔው ነኝ የማነበው» አለች፤ እኔ በዚያ ሰሞን ወንጪ ዘመድ ጋ ነበርኩ። አባቴ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር አደነቀ፤ ነገር ግን እናትየው በአንዱ ምዕራፍ ታማ በሚቀጥለው የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ስለሰማ፣ ያንን «ከእናቱ ሞት ሸሽቷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ።

ለሚ በዚያ ዝናባማ ቀን መጽሐፉን ገልጦ የአባቴ ጉልበት ላይ አኖረው። «ይኼ ምንድን ነው ታዲያ?»

አባቴ መነጽሩን አድርጎ በራሱ ዓይን አነበበ። አንድ ገጽ ገለጠ፣ ሌላም ገለጠ። የእናትየው ሞት የተጻፈበት ሙሉ ምዕራፍ ነበር፤ አንድም ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። ቀና ሲል ያየው ለሚን አልነበረም።

«እኔ ነኝ የዘለልኩት» አለች እናቴ ከወጥ ቤቱ በር። «ስንት ሰው እጄ ላይ አልፏል፣ አልፈራሁም። እናቴን ግን በገዛ አፌ ድጋሚ ልግደላት? ገጹን አለፍኩት። አይታወቅም ብዬ ነበር።»

ለሚ ጃኬቱን አውልቆ ተቀመጠ። አባቴ መጽሐፉን ዘግቶ «ስህተቴን እጽፈዋለሁ» አለ።

«ተወው ሶዳ። ሃያሲው የሚያነበው በሚስቱ አፍ ነው ይሉሃል። እሷንም መሳቂያ ያደርጓታል።»

«እሷን ማን ጠራት? ፊርማው የእኔ ነው። አንተ ሸነን ላይ አንገትህን ደፍተህ እኔ አምቦ ላይ ሃያሲ ልባል?»

ጻፈው። ሙሉውን ባላነበበው መጽሐፍ ላይ እንደፈረደ፣ የለም ያለው ምዕራፍ የመጽሐፉ ምርጥ ምዕራፍ መሆኑን፣ ጥፋቱም የእሱ ብቻ እንደሆነ ጻፈ፤ የእናቴ ስም አልነበረበትም። የጋዜጣው አዘጋጅ ደውሎ በትሕትና «ለጊዜው ትንሽ ይረፉ» አለው፤ ያ እረፍት አላበቃም። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የፈተና ወረቀታችንንስ ማን ነው የሚያነብልዎት?» ሲለው አብሮ ሳቀ። ሸነን ላይ ግን ሰው መጽሐፉን መግዛት ጀመረ፣ አጎቴም በመስከረም ድንች ጭኖ ቤታችን መጣና ሲያወራ አመሸ።

እኔ አሁን ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ። ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው፣ ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ «እሳት ነሽ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እስከ መጨረሻው መስመር መድረሳቸውን እንጃ። አባቴ ጋ የማደርሰው ፈርቼ ነው። ከዚያ ክረምት ወዲህ ማንም አንብቦለት አያውቅም፤ ሁሉን በራሱ ዓይን ስለሚያነብ ጽሑፍ የሚያሳዩት ሰዎች ፍርዱን ከበፊቱ ይበልጥ ያምኑታል፣ ሳሎናችን ግን ጸጥ ያለ ነው። ያኔ መጽሐፍ የሁላችንም ነበር፣ ወጥ እያማሰልን እንኳ እንሰማው ነበር፤ አሁን የእሱ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ አዲስ ግጥም በወረቀት ጽፌ አመጣሁለት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ እጇን ዘረጋች።

«ላንብብልህ?»

«አይ አስቱ፣ እኔው አየዋለሁ» አላት በለሰለሰ ድምፅ፤ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ፣ በእጇ አጠገብ አልፎ ወደ ጓዳ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።