ቅዳሜ ጣሪያው ላይ ለምትወጡ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። መጋቢ "እህት ምሕረት፣ አሳጥሪው" ብለውኛል፤ እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ፣ ማሳጠር የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ደግሞ ዛሬ ምስክርነት ብቻ አይደለም፣ የምለምናችሁም ነገር አለኝ። እሱን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም። ሃሌሉያ!

ባለቤቴን ማቴዎስን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ግንበኛ ነበር፤ እጁ ወርቅ፣ ጨዋታው ደግሞ ከእጁ የበለጠ። እዚሁ ሶዶ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአጣና የተሠራ መወጣጫ ላይ ቆሞ ሲገነባ ወደቀ። ጠርተውኝ እየሮጥኩ ስደርስ መሬት ላይ ተኝቷል። የቆመበት ጣውላ አጠገቡ ነበር። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሐኪሙ ወጥቶ "እህቴ፣ አልቻልንም" አለኝ። ፎርማኑን "እንዴት ሆኖ ነው?" ብዬ ስጠይቀው "እግሩን ስቶ ነው" አለ። ማን ይከራከረዋል? ቀበርነው።

ድንኳን ውስጥ የመጣው ሁሉ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ጽኚ" ይለኛል። ጋሽ ጴጥሮስ፣ እርስዎም ብለውኛል፤ አይቀየሙኝ፣ በፍቅር እንዳሉት አውቃለሁ። እኔ ግን በሆዴ "የልጆቼን አባት ከፎቅ መወርወር ፈቃዱ ከሆነ፣ ከዚህ አምላክ ጋር ምን ጉዳይ አለኝ?" አልኩ። ከዚያ በኋላ የዚህን ቤት ደጅ አልረገጥኩም። እሑድ መዝሙራችሁ እቤቴ ድረስ ሲሰማ ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር። ልጆቼ ማዕድ ላይ ሊጸልዩ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ "ብሉ! ማን ይሰማችኋል?" እላቸዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እኔም "ፈቃዱ ነው" የምትለዋን ቃል ይዤ ዓመታት ተጣላሁት።

ልጆች ደግሞ መብላት አለባቸው። ሲሚንቶ ተሸከምኩ፤ ውዬ አድሬ ልስን ለመድኩ። በኋላ ፎቅ የሚሠራ ተቋራጭ መጣና "ከፍታ ላይ የመሥራት ሥልጠና ያልወሰደና ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ወደ ላይ አይወጣም" አለ። የማቴዎስ ወንድም ዳዊት ሳቀብኝ። ያው፣ ኋላ ተቀምጧል! "እትዬ፣ ለመውጣት ደግሞ ወረቀት ምን ያደርጋል? እግር ካለሽ አይበቃም?" አለኝ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ይብስብኛል። ተመዘገብኩ።

አሠልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁ እንኳን በቅጡ የማይሰማ ሰው ነው። በትከሻና በጭን የሚታሰር ቀበቶ አለበሰን። ሁለት መንጠቆ አለው። "አንዱን ሳትቆልፉ ሌላውን እንዳትፈቱ" እያለ ያመላልሰናል፤ ሰለቸን። ከዚያ ሁለት በርሜል አቁሞ ጣውላ አጋደመበት፤ የጣውላው ጫፍ ከበርሜሉ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። "ማን ይቆምበታል?" አለ። እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን! ጫፉን ስረግጠው በዚያኛው በኩል ያለው ጫፍ ብድግ አለና እኔም ጣውላውም አሸዋው ላይ ተዘረጋን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ዞር ስል ግን ጣውላው አጠገቤ ተኝቷል። ልክ ያን ቀን ማቴዎስ አጠገብ እንደነበረው። ወገኖቼ፣ አሸዋዬን እንኳ ሳላራግፍ ተነሣሁ።

"መምህር፣" አልኩት፣ "ሰው ሲወድቅ ጣውላው አብሮት ከወረደ፣ እግሩን ስቶ ነው?"

"አይደለም። እግሩን የሳተ ሰው ብቻውን ነው የሚወርደው። ጣውላው አብሮት ከወረደ ጫፉ በምስማር አልተመታም ማለት ነው" አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና "ማን ነው የወደቀው?" አለ።

"ባሌ ነው።"

ሄልሜቱን አወለቀ። "እህቴ፣ ሁለት ምስማር ይበቃው ነበር። ያም ቢቀር፣ ቀበቶ ታጥቆ ቢሆን ይተርፍ ነበር" አለኝ።

ሁለት ምስማር! ከአሸዋው ክምር ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀብሩ ላይ እንኳ ያልወጣ እንባ ወጣ። እኔ ከአንጀቴ ስጸልይ የሚመጣልኝ ወላይትኛ ነው፤ "ታ ጎዳው!" ብዬ ጮህኩ። ጌታዬ፣ አንተ አልነበርክም እኮ! ሰው ያልመታውን ምስማር በአንተ ነው ያሳበብነው! ድምፅ ሰማሁ፣ ራእይ አየሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ለካ ያባረርኩት ያን ቀን ድንኳን ውስጥ አብሮኝ ሲያለቅስ የነበረውን ነው! ክብር ለስሙ ይሁን! በነጋው እሑድ ነበር፤ መጥቼ እዚችው ቦታ ተንበረከክሁ። ልጆቼ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

ሥልጠናውን ጨረስኩ፤ በቀበቶው ተንጠልጥዬ ተፈተንኩ፣ ጌታ ይባረክ፣ አለፍኩ። ዛሬ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ የዳሞታን ተራራ ፊት ለፊት እያየሁ እለስናለሁ። መንጠቆዬን እቆልፋለሁ፣ "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን" እላለሁ፣ ሥራዬን እጀምራለሁ። አሜን በሉ እንጂ!

አሁን ልመናዬ። ቅዳሜ የዚህን ቤት ጣሪያ ልንመታ ነው። ቆርቆሮው መጥቷል፤ ወጣቶቹ ሊወጡ ተዘጋጅተዋል፣ ዳዊት ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ። ቀበቶ ይታጠቁ ስል ጋሽ ጴጥሮስ "ልጄ፣ የጌታን ቤት ስንሠራ ጌታ አይጠብቀንም?" አሉኝ። ይጠብቃል ጋሽዬ፣ ይጠብቃል! ግን ጌታ ራሱ ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ "ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል" ሲባል አልዘለለም። አባቱን ስላላመነ ነው? እሱ ያልዘለለውን እኛ በእምነት ስም እንዝለል?

ስለዚህ ቁርጡን ልንገራችሁ። ከሥራ ቦታዬ ቀበቶዎች ለምኜ አምጥቻለሁ፤ ያው፣ መድረኩ ሥር ናቸው። ዓርብ መወጣጫውን እኔ አየዋለሁ፤ ጫፉ ያልተመታ ጣውላ ካገኘሁ አወርደዋለሁ። ቅዳሜ መሰላሉ ሥር የምቆመው እኔ ነኝ፣ ያልታጠቀ በእኔ በኩል አያልፍም። ዲያቆን ይሁን ዘማሪ፣ አላውቅም! ሁለት ምስማር ለጎደለበት ሞት ሁለተኛ እዚህ ሰፈር ድንኳን ተተክሎ "ፈቃዱ ነው" ሲባል አልሰማም።

የተጎዳ፣ በጌታ ላይ የተቆጣ ሰው እዚህ ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቁጣህን ይዘህ ና፣ ቁጣሽን ይዘሽ ነይ። እኔን ቻለኝ እኮ! እናንተን ያቅተዋል? ታመኑት፤ እሱ የሚጥል አይደለም።

ዳዊት፣ ተነሥ። አትሽኮርመም፣ ና! ወንድምህን ማንም አላስታጠቀውም፤ አንተን ግን እኔ በጉባኤው ፊት አስታጥቅሃለሁ። እሰይ፣ መጣ! ጌታ ይባርክህ። እጅህን አንሣ... በዚህ በኩል አግባ... ቅዱሳን፣ እኔ ስቆልፍ እናንተ አሜን በሉ።