ያጋና የቀመሰችው ውሃ

ሐጃ ያጋና በካነም በረሃ አሸዋ መካከል ባለው የጨው ሐይቃችን የድሄ ገፈፋውን ለሃያ ስድስት ዓመት መርታለች። ድሄ ከውሃው ላይ የሚገፈፍ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ አሸዋ ላይ ደርቆ ወጥ ይሠራበታል። በገፈፋው ጠዋት ብቻዋን እስከ ጉልበቷ ትገባለች፤ በእፍኟ ጨልፋ ትቀምስና ትተፋለች። ውሃው ምላሷን ከቆነጠጣት እጇን ታነሣለች፤ ሴቶቹ ይገባሉ። ወንድ አይገባም፤ ወንድ የገባበት ውሃ ይመክናል ይባላል።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ እኔን የቀጠረኝ ስለተማርኩም፣ ሴት ስለሆንኩም ነው። በየሳምንቱ ጨዉን እለካለሁ፤ ያጋናም ቀምሳ የምትለኝን አብሬ እመዘግባለሁ፤ በብረት ቧንቧ የወለሉን ጭቃ አወጣለሁ። የያጋና ልጅ ኪያሪ ባሌ ነበር።

ካቻምና በክረምት መውጫ ከገፋፊዎቹ የአንዷ፣ የፋልማታ፣ ላም ሐይቁ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ኪያሪ ገብቶ በቀንዷ ጎትቶ አወጣት። በቀጣዩ ጥቅምት ድሄ ጠፋ። ሴቶቹ ያጋና በር ላይ ተሰበሰቡ። ደንቡን የምታስከብረው እሷ ናትና ኪያሪን “ሂድ” አለችው። ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ሄዶ በሦስተኛው ወር በወባ ሞተ። የነገሩኝ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቀን ሰጡኝ። ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

ዘንድሮ ድሄው ተመለሰ። በገፈፋው ጠዋት ፋልማታ “አልሐምዱሊላህ፣ ልጁም ሞተ፣ ውሃውም ጸዳ” አለች።

ያጋና ቀምሳ ተፍታ ነበር። እጇን ግን አላነሣችም።

“ምን ትጠብቂያለሽ ሐጃ? ፀሐይዋ ላንቺ ብላ አትቆምም!” አለች ፋልማታ።

“ፀሐይዋ አትቁም። የልጄን ስም ሳታነሡ አትገቡም። ምራቴ፣ መዝገቡን አንብቢ።”

“እዚሁ ላንብበው፣ እማማ?”

“እዚሁ።”

“ካቻምና ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ በሊትር ሃያ ስድስት ግራም ጨው። ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። ላሟ የሰመጠችው ነሐሴ ሃያ።”

“ግራም ይበላል እንዴ?” አለች አንዷ።

ከወለሉ ያወጣሁትን፣ ነጭና ጥቁር የተደራረበበትን ጭቃ አሳየኋቸው። “ነጩ የሶዳ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ የሚቀር። ጥቁሩ ዝናብ ውሃውን ሲያለዝበው የተኛ ጭቃ ነው። ጥቁሩ ሰባት ነው፤ ውሃው ሰባት ጊዜ ለዝቧል። በለዘበ ውሃ ድሄ አይበቅልም።”

“ሰባት ወንድ ገብቷላ!” አለች ፋልማታ። ሳቁ።

ያጋና አልሳቀችም። “ከአሥራ ሁለቱ አጠገብ ያለውን አንብቢ።”

“‘ያጋና ቀምሳ፣ ለዝቧል፣ ምላሴን አልቆነጠጠኝም ብላለች።’”

ሳቁ ቆመ። ግራሙን ባያምኑ ምላሷን ያምናሉ።

“ታውቂ ነበር?” አለች ፋልማታ።

“አውቅ ነበር። በራፌ ላይ ስትጮኹ ደንቡን ፈራሁ፣ የቀመስኩትን ዋጥኩት። ኪያሪ ውሃውን አላመከነም። እናንተም እንዲሁ በሉ።”

አንድ በአንድ አሉ። ፋልማታ መጨረሻ ላይ “አላመከነም። ላሜንም አውጥቶልኛል” አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

ያጋና ከውሃው ወጣች። “ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይቅመስ” አለች። ሴቶቹ ተያዩ። ፋልማታ ገባች፤ ቀመሰች፤ እጇን አነሣች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ያጋና ጎንበስ ብላ ድሄው የሚሰጣበትን አሸዋ በመዳፏ ትደለድል ጀመር። የልጃገረዶች ሥራ ነው።