ማንም ያላየው ፊልም

በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ይህን ካነበቡ ራሳቸውን ያውቃሉ። ስም አልጠራም። የማልጠራው አዝኜላቸው አይደለም፤ ያሉትን መናገር ስለሚበቃኝ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ካርቱም ውስጥ የሰው ቤት የምንሠራ የወሎ ሴቶች የምንገናኘው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነበር። ሌላውን ቀን በየአሠሪዎቻችን ግቢ ተዘግተን እንውላለን። እኔ ዐማራት ሰፈር አንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ነበርኩ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሱቅ ዐረቢ ገበያ እንወርድና ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተጨናንቀን፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ደግሞ አቧራውን በእግራችን አቋርጠን ከተማው ዳር ያለው ማዮ ሰፈር እንደርሳለን። እዚያ አንዲት ጠና ያለች የአገራችን ሴት ግቢ ያላት አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሁላችንም እንደ ዐረቦቹ «ኻልቲ» እንላታለን፤ አክስቴ ማለት ነው። በሩን ገርበብ አድርገን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንቀመጣለን፤ ፖሊስ ሰብሰብ ያለ ሐበሻ ካየ ኢቃማ አምጡ ማለቱ አይቀርም፤ ከመሃላችን የመኖሪያ ወረቀት ያላት ደግሞ ጥቂት ናት።

እዚያ ተሰብስበን የምናወራው ስለ ፊልም ነበር። ኻልቲ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። ሐሙስ ማታ የሚተላለፈውን የግብጽ ፊልም ግን ሁላችንም በየአሠሪዎቻችን ቤት እናየዋለን፤ ማየት ከተባለ። ትሪ ይዘሽ ስትገቢ አንድ ነገር ታያለሽ፤ ብርጭቆ ልትሰበስቢ ስትመለሺ ሌላ ታያለሽ። በመሃል ማን ማንን እንዳገባ፣ የሞተውም በምን እንደሞተ አታውቂም። ስለዚህ ጁምዓ እንገጣጥመዋለን። መጀመሪያውን ያየች መጀመሪያውን ታመጣለች፤ ሕፃን እያስተኛች በበሩ ክፍተት መሃሉን ያየች መሃሉን ትጨምራለች። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ይጎድለን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሁላችንም እራት እናነሳለን።

ፊልሙ ከተገጣጠመ በኋላ አስተያየት ይሰጣል። ይህ የኻልቲ ሕግ ነበር። እያንዳንዷ በተራዋ አክተሯ ልክ ናት ወይም ጥፋተኛ ናት ትላለች፣ ምክንያቷንም ትናገራለች። ዝም ያለች የሁሉንም የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች። አንዷ ከብርጭቆው ለመዳን ብላ ሁልጊዜ የቀደመቻትን ትደግም ነበር፤ «ወላሂ እሷ እንዳለችው» ትልና እፎይ ትላለች። አንድ ጊዜ፣ ሚስቱን ለመፈተን ዓይኑ የጠፋ መስሎ ስለኖረ ሰው ስንከራከር፣ ከደሴ የመጣችው «የኔ ባል ቢሆን ገደል አፋፍ ወስጄ ‹ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ሜዳ ነው› እለው ነበር» አለች። ኻልቲም ሻይዋን ሳታስቀምጥ፣ «ያኔ ዓይኑ ይበራለታል» አለቻት። እንደዚህ እንስቅ ነበር። ከጁምዓ እስከ ጁምዓ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» የሚለን ሰው አልነበረንም፤ እዚያ ግን ተራ ነበረን።

ከሁላችን በላይ የምትደመጥ አንዲት ሴት ነበረች። የምትሠራበት ቤት ቪዲዮ ነበረው። አሠሪዋ ልጆቿ ተድረው የወጡላት አሮጊት ስለሆነች ብቻዋን ማየት አትወድም፤ ምንጣፉ ላይ ታስቀምጣትና የህንድ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ያያሉ። እኛ ቁርጥራጭ ይዘን ስንመጣ እሷ ሙሉውን ይዛ ትመጣለች። ቶቧን፣ ያን የሱዳን መጎናጸፊያ፣ ትከሻዋ ላይ ታስተካክልና «ሲከፈት ዝናብ ነው» ብላ ትጀምራለች። «ሲከፈት» ስትል ሁሉም ወደ እሷ ይጠጋል። የሽማግሌውንም የሕፃኑንም ድምፅ ታወጣ ነበር። ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ያንን ካሴት ከእሷ በቀር ያየ አልነበረምና።

ይህች ሴት ጓደኛዬ ነበረች። መተማን የተሻገርነው አብረን ነው። ገዳሪፍ ላይ ወባ ሲጥለኝ ያስታመመችኝ እሷ ናት፤ ይህን አልክድም። የነገርኳትም ያኔ ነው።

የነገርኳት ይህን ነው። አባቴ ለአንድ ነጋዴ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶ ነበር። ሰውየው በዕድሜ አባቴን ያህላል። ኒካው ሲቃረብ ወደ ሱዳን ከሚሄዱ ሴቶች ጋር ወጣሁ። ገና ገዳሪፍ እያለን ከአገር የመጣ ሰው ቀሪውን አሰማኝ፤ የአባቴ ቃል እንዳይታጠፍ ታናሽ እህቴን በኔ ቦታ ሰጧት። ገና ልጅ ነበረች። ከኔ ጋር በአንድ ቁርበት የምትተኛ። ልወጣ ስነሳ እጇ ደረቴ ላይ ነበር፤ አንስቼ ቁርበቱ ላይ አስቀመጥኩት። ይህንንም ነገርኳት። ካርቱም ከገባንም በኋላ ከእሷ ጋር ብቻችንን ስንሆን እያነሳሁ «አጠፋሁ ወይ?» እላት ነበር። ሌላ ሰው አያውቅም። ኻልቲ ቤት እናት አባቷ የሞቱባት፣ ወንድም እህት የሌላት ተብዬ ነው የምታወቀው። እውነቱ ቢወጣ ያቺ ክፍል ትዘጋብኛለች። ከዚያች ክፍል ሌላ ደግሞ ካርቱም ውስጥ ሰው ሆኜ የምቀመጥበት ቦታ አልነበረኝም።

ቀኑ ሐቡብ የተነሳበት ጁምዓ ነበር። ቀዩ አቧራ ሰማዩን ስለሸፈነው ኻልቲ በሩን ዘጋችና ፋኖስ ለኮሰች። ጓደኛዬ አዲስ የህንድ ፊልም አይቻለሁ አለች።

«ሲከፈት ሠርግ ይደገሳል» ብላ ጀመረች።

መጀመሪያ አልነቃሁም። በህንድ ፊልም ሠርግ ብርቅ አይደለም፤ ለሽማግሌ የምትዳር ልጅም ብርቅ አይደለችም። ሙሽሪት አለች፣ ታናሽ እህት አለች፣ ቃሉን የማያጥፍ አባት አለ። ሽማግሌው ዝሆን ላይ ተቀምጦ ሲመጣ ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሁለቱ እህትማማቾች ተኝተዋል አለች። የታናሺቱ እጅ አክተሯ ደረት ላይ ነው። አክተሯ እጁን ቀስ አድርጋ ታነሳዋለች።

ብርጭቆዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«በሩ ጋ ስትደርስ ትዞራለች» አለች ጓደኛዬ። «እህቷን ታያታለች። እሷ ከሄደች የምትሰጠው ይህች መሆኗን ታውቃለች። እያወቀች ትወጣለች።»

ይህ አልነበረም። አልዞርኩም። እሷን ይሰጣሉ ብዬም አላሰብኩም፤ ልጅ ነበረች አልኩ እኮ። ይህን ለጓደኛዬ አልነገርኳትም፤ ያልሆነ ነገር አይነገርም። ከራሷ ጨመረችው። ብዙ ዓመት ሙሉ ላርማት የፈለግሁት ያችን አንዲት ቦታ ነው። የቀረውን ልተወው እችል ነበር።

አስተያየቱ ከበሩ በኩል ጀመረ። የመጀመሪያዋ እህቷን ሸጠቻት አለች። ብርጭቆ የምትፈራዋ «ወላሂ እሷ እንዳለችው» አለች። የደሴዋ፣ ያቺ ቀልደኛዋ፣ ራሷን እየነቀነቀች የህንድ ሴት ጨካኝ ናት፣ የኛ አገር ልጅ ብትሞት እንዲህ አታደርግም አለች። ሌሎቹም ተስማሙ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብቻ፣ ስለ አባትየው ለምን ማንም አያነሳም፣ አክተሯስ ራሷ ልጅ አይደለችም ወይ ብላ ጠየቀች። አባት ቃሉን ምን ያድርገው ብለው ጮኹባት። ያችን ልጅ አልረሳሁም። ከሁሉም ስም ልጠራው የምወደው የእሷን ብቻ ነው፤ ያለ ስም ብያለሁና ይቅር።

ከዚያ ኻልቲ ተናገረች። ኻልቲ ስትፈርድ ቸኩላ አታውቅም።

«ሳትዞር ብትሄድ እምራት ነበር» አለች። «ልጅ ደንግጣ ትሮጣለች፤ ወደ ኋላም አታይም። ይህቺ ግን ዞራ አይታ ነው የሄደችው።»

ያች የተጨመረች ቦታ ያመጣችብኝ ፍርድ ይህ ነው።

ተራው ደረሰኝ። «አንቺስ፣ ልጄ?» አለችኝ ኻልቲ። ዝም ብል ብርጭቆ ማጠብ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት ዝም ብዬ ስለማላውቅ ሁሉም ዞረው ያዩኝና ምን ነካት ይላሉ። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ጓደኛዬን አየኋት። ቶቧን እያስተካከለች ዓይኗን ፋኖሱ ላይ አድርጋለች።

«ጥፋተኛ ናት» አልኩ።

«ምክንያትሽስ?»

«ዞራ አይታለቻ» አልኩ።

ከቤታቸው በወጡት በብዙዎቹ ላይ የፈረደው ሌላ ሰው ነው። በእኔ ላይ ግን ያስፈረዱት በራሴ አፍ ነው። ጓደኛዬ ፊልም ስትጨርስ እንደምትለው «አለቀ» አለች፣ ሻይ ተቀዳ፣ ሐቡቡ ጋብ ሲል ወደየቤታችን ተበተንን።

እዚያ መሄድ አላቆምኩም። ብቀር ለምን ቀረች ይባላል። ከጓደኛዬ ራቅ ብዬ እቀመጥ ጀመር፤ ብቻችንን እንዳንሆንም እጠነቀቅ ነበር። የከፋው ያ ፊልም ቤቱ ውስጥ ተረት ሆኖ መቅረቱ ነው። ልጇን ትታ የመጣች፣ እናቷን የረሳች፣ ያላት ሳለ ለዘመድ ያልላከች ሴት ስትነሳ «እንደዚያች ህንድ» ይላሉ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ብያለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላስታውስም።

በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ ሲገቡ ዲሽ በየጣሪያው ተተከለ። ከኛም መሃል የራሳቸውን ክፍል የተከራዩት የራሳቸውን ቴሌቪዥን ገዙ፤ የአማርኛ ፊልም በሲዲ ከአዲስ አበባ ይመጣላቸው ጀመር። ሙሉውን ፊልም ያየ ሰው የሚያሟላለት አይፈልግም። ኻልቲ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ ክፍሏም ለሌላ ተከራየ። ጓደኛዬን አልፎ አልፎ በመንገድ ከማየቴ በቀር አልጎበኘኋትም።

አንድ ቀን ሱቅ ዐረቢ ሐፍላ ስጠብቅ አጠገቤ መጥታ ቆመች። አርጅታለች። አሠሪዋ ሞታ ሌላ ቤት ገብታለች፤ እዚያ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ክልክል ነው አለችኝ። ሰላምታውን አሳጠርኩትና ጠየቅኳት።

«በዚያ ፊልም፣ በሩ ጋ ስትደርስ ትዞራለች ያልሽው ከየት አምጥተሽ ነው?»

የትኛው ፊልም አላለችም።

«አንቺ ነሽ ነጋ ጠባ አጠፋሁ ወይ እያልሽ የያዝሽኝ» አለች። «እኔ ቃዲ ነኝ እንዴ? ለሰው አቀረብኩልሽ።»

«መዞሩንስ?»

«እሱን ያዘንሽ እንድትመስዪ ነው። ምንም ሳትዪ ውልቅ ካልሽ ማን ያለቅስልሻል? ፊልም እኮ ነው፣ እህቴ።»

የሐፍላው ረዳት «ያላ፣ ያላ» እያለ በሩን ሲመታ ገባች። እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። ይህን የሚያነብ ሰው ለደግ አስባ ነው ይል ይሆናል። ለደግ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የታሪኩን ባለቤት ይጠይቃል። ኻልቲ ፍርዷን ስትሰጥ ደግሞ «ያንን እኔ ነኝ የጨመርኩት» ለማለት ጊዜ ነበራት፤ ፋኖስ ታይ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከእህቴ ጋር በስልክ ተገናኘን። ባሏ ሞቷል። ልጆቿ አድገው ከተማ አውርደዋታል። ስልኳን ያገኘሁት ከአገር በመጣ ሰው ነው፤ የስልክ ቤት ገብቼ ደወልኩ። መጀመሪያ የተባባልነው የሰላምታውን ብቻ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ እሷም ትላለች፣ እኔም እላለሁ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ጊዜ ወሬ አለቀብንና ቀኑን በምን ታሳልፊያለሽ አልኳት። ልጆቹ ቴሌቪዥን ገዝተዋል፣ ፊልም አያለሁ አለች። ደስ ይልሻል ወይ ብላት እንደዚያች ክፍል ሴቶች አስተያየት ሰጠችኝ።

«ውሸታቸው ይበዛል» አለች። «ተኝቶ የሚታየው ሰው መተኛት አይችልበትም። ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። እኔ እንኳ ያኔ ከነሱ በተሻለ ነበር የተኛሁልሽ።»

«ያኔ መቼ?» አልኳት።

«እጄን ስታነሺው ነቅቼ ነበር» አለች። «የተኛሁ የመሰልኩት ከመሄድ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።»

ሌላ አልጨመረችም። ድምፅዋ ቂም የያዘ ሰው ድምፅ አይመስልም፤ ምን ይመስል እንደነበርም አሁን መናገር አልችልም። ወዲያው ስለ ትልቁ ልጇ ማውራት ጀመረች። እኔም ሰማኋት፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳት። የስልክ ቤቱ ልጅ መስታወቱን እስኪያንኳኳ ድረስ እንዲሁ አወራን።

ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ደውዬላታለሁ። ያን ቀን የነቃች እሷ ብቻ ስለሆነች፣ በሩ ጋ ስደርስ ምን እንዳደረግሁ የምታውቅ ሌላ ሰው የለም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ያየችውን ፊልም፣ የዘንድሮውን ዝናብ፣ የልጆቿን ጠባይ ጠይቄያታለሁ። ይህን አልጠየቅኳትም።

አልዞርኩም ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። እንደዚያው ይቆይ።