«ይውረድ» ያልነው አሰልጣኙን ነው

የያዙኝ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ጨዋታው ገና አላለቀም ነበር። ሁለት ለባዶ እየተመራን ነው፣ የደጋፊው ጉሮሮ ደርቋል፣ እኔ ድንጋይ ላይ ቆሜ እጮሃለሁ። አንድ እጅ ከኋላ ኮሌታዬን ጨመደደው። ጓደኛ መስሎኝ «ተው እንጂ አቦ» አልኩት። ጓደኛ አልነበረም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የመካነ ሰላም ቡድናችን ያን ዓመት ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነበር። አገሩም ጥሩ አልነበረም። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ ምን ታወራላችሁ ይባላል። ኳስ ግን አልተከለከለም። ከተማው ሰላም መሆኑ እንዲታይ ውድድሩ ይቀጥል ተባለ። እኛም ቀጠልን። የቀረን እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም በዓይናችን ፊት እየሞተ ነበር። አሰልጣኙ ጎል የሚያውቀውን ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ የእህቱን ልጅ ያሰልፋል። የእህቱ ልጅ ከኳሷ ይልቅ ፀጉሩን ነው የሚጠብቀው።

ሁለት ቃል ነበረን። አንደኛው «አንወርድም» ነው፣ ለቡድኑ። ሁለተኛው «ይውረድ» ነው፣ ለአሰልጣኙ። እሱ ከወረደ እኛ አንወርድም፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። «ይሰናበት» የሚሉት የሬዲዮ ቃል ነው፣ ለጩኸት አይመችም። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ አስጀማሪው እኔ ነበርኩ። እኔ «ይው» ስል ሜዳው ሙሉ «ረድ» ይላል።

ከእኔ ጋር ሁለት ደጋፊ ያዙ፤ አንዱ ፀጉር አስተካካይ፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ። ያስገቡን የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፣ ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ይግላል፣ ሲመሽ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። በሩ ላይ፣ በሰው ፊት ቁመት፣ ጡብ የምታህል ቀዳዳ አለች። ከዚያ በቀር ብርሃን የለም። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጥግ ላይ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልን።

«አብሽሩ ልጆቼ፣ ተቀመጡ። ምን አድርጋችሁ ነው?»

«በኳስ ነው አባባ» አላቸው ባጃጅ ነጂው።

«ኳስ ሰርቃችሁ?»

«ኧረ በአላህ። ይውረድ ብለን ነው። አሰልጣኙን። እሱ ካልወረደ ቡድናችን መውረዱ ነው።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «ቡድኑ ወዴት ነው የሚወርደው? ቆላ?»

«ቆላማ በሆነ። ከቆላ ይመለሳሉ። ይሄ ታችኛው ሊግ ነው፤ እዚያ የወረደ ቡድን በዋዛ አይመለስም።»

«ቆላ የወረደስ ይመለሳል ያለህ ማን ነው?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

የእሳቸውን ነገር ያኔ ነገሩን። አገራቸው ከወግዲ ወዲያ ነው። ልጃቸው ከብቱን ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። በየቤቱ ወጣት ሲፈለግ እሳቸውም ልጅህ የት ነው ተባሉ። «ቆላ ወርዷል» አሉ። እሳቸው ሣር ፍለጋ ማለታቸው ነው። ጠያቂዎቹ ጫካ ገባ ብለው ሰሙ።

«ሌላ ቃል ተናገር አሉኝ» አሉን። «ወላሂ ሌላ ቃል የለኝም አልኳቸው። ወደ ቆላ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

መጋዘኑ ሙሉ ሳቀ። በሩ በሰደፍ ተደበደበ፣ ዝም አልን።

በማግስቱ ያወራነው ስለ መታሰራችን አልነበረም። የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ነው፣ በሜዳችን። ማሸነፍ አለብን፤ አቻ አያተርፈንም። ባጃጅ ነጂው ከወለሉ የተላጠ ሲሚንቶ ለቅሞ ቡድኖቹን በየደረጃቸው ደረደረ። የእኛ ታች ግድግዳው ሥር ናት።

«በረኛው ነው የገደለን» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ማዕዘን ምት ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።»

«ዱዓ እያደረገ ነዋ።»

«ዱዓውን ከጨዋታው በፊት አይጨርስም?»

«ዱዓ ያደረገን ሰው አትንቀፉ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ቆይተው «ግን ዓይኑንስ ለምን ይጨፍናል?» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ተራ በተራ ወደ መርማሪው ወሰዱን። ልጆቼን በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። አንተ አለኝ።

«ማን ነው የሚወርደው?»

«አሰልጣኙ።»

«ተው። ማን?»

«አሰልጣኙ። ስሙን ልንገርህ?»

«ሕዝብ ሰብስቦ ይውረድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

«ሁለት ለባዶ እየተመራን ነበር» አልኩት። «መንግሥት ሜዳ ውስጥ አልነበረም። ቢሰለፍና እንዲያ ቢጫወት ለእሱም እንለው ነበር።»

በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። እየጮኸ እያለ ሰውየው ይጽፍ ነበር። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን አዙሮ ገፋልኝ፣ የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠ። እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካ። እጄንና ልብሴን አይቶ፣ አያነብም ብሎ ነው።

«ቃልህ ነው። አሻራህን አድርግና ውጣ። እሁድ ኳስህን ታያለህ።»

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ ፈጥኜ አላነብም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ከሳዑዲ ተባርሬ ከመጣሁ ወዲህ ነው። እዚያ አውሮፕላን ሊያሳፍሩን ሲሉ አንድ ወረቀት አቀረቡልኝና በአውራ ጣቴ ነካሁት። ምን እንደሚል የነገረኝ አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው፤ አገሬን ናፍቄ በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ ይላል አለኝ። ከመኝታዬ በእርግጫ ቀስቅሰው ነው የወሰዱኝ። ስመጣ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ዴስኩ የሕፃን ነው፣ ጉልበቴ አገጬን ይነካ ነበር። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

«ምን ትዳብሳለህ?» አለኝ መርማሪው።

«እያነበብኩ ነው።»

ኳስን ሽፋን አድርጌ፣ መንግሥት ይውረድ እያልኩ ሕዝብ እንዳነሳሳሁ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ይሄ የኔ ቃል አይደለም» አልኩት።

መርማሪው በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ። ጓደኞችህ ፈርመዋል። አንተ ደግሞ አላነብም በል፣ አላነብም ብለህ አሻራህን አድርግ። ማንበብ የማይችል ሰው ላይ ይሄ ወረቀት አይከብድም። ለአንተው ብዬ ነው።»

ክፋት አልነበረውም፣ ይመስለኛል። ሰውየው ደክሞታል። እሁድን አሰብኩት። ድንጋዬን፣ ሜዳውን፣ ያቺን ታች ግድግዳ ሥር ያለች ቁራጭ ሲሚንቶ አሰብኳት። አላነብም ማለት ቀላል ነው። ከዕድሜዬ አብዛኛውን ያልኩት እሱን ነው።

«አነባለሁ» አልኩት። «ከፈለግህ ጮክ ብዬ ላንብብልህ። አሰልጣኙ ይውረድ ብሏል ብለህ ጻፍና በእስክሪብቶ እፈርማለሁ።»

የቀለሙን ሳጥን ከደነው።

ጓደኞቼን በዚያው ቀን ለቀቋቸው። ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን እያሰረ «ለአንድ ወረቀት ብለህ?» አለኝ።

«አንብበኸው ነው የፈረምከው?»

«አንብቤውማ እንዴት እፈርማለሁ?» አለኝና ወጣ።

እሁድ ደረሰ። ሜዳው ከመጋዘኑ ሩቅ አይደለም፣ ነፋሱ ወደ እኛ ከነፈሰ ጩኸቱ ቆርቆሮው ላይ ያርፋል። ጆሮዬን ወደ ቀዳዳዋ አስጠግቼ ለቤቱ የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ። «ዳኛውን እየሰደቡ ነው።» «አሁን ማዕዘን ምት ነው።» «ለማን?» ይላሉ ሽማግሌው። ኳስ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ሜዳው ጣሪያውን የሚነቅል ጩኸት ጮኸ። አገባን። መጋዘኑ ውስጥ በመሬት ነገር፣ በዘመድ ነገር፣ በማይታወቅ ነገር የታሰረው ሁሉ ብድግ አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ።

ከዚያ ሜዳው ዝም አለ። ያንን ዝምታ ደጋፊ የሆነ ሰው ያውቀዋል።

«ምን ሆነ?»

«አገቡብን።»

ሌላ ጩኸት አልመጣም። ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማን፤ ሰዉ በአጥሩ በኩል ሳያወራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የበራችን ጠባቂ አንድ ጎልማሳ ሚሊሻ ነው፣ የቡድናችን ደጋፊ። ተረኛ ባይሆን ድንጋዩ ላይ አጠገቤ የሚቆም ሰው ነው። ወሬውን ከመንገደኛ ሰምቶ ወደ ቀዳዳዋ መጣ።

«ስንት ለስንት?»

«አንድ ለአንድ።»

«እና?»

«እና ያው ነው።»

«ያው ምን?»

ግራና ቀኙን አየ። «ያው… ወደ ታች ሄድን።»

«ልጄ፣ ወረድን በል እንጂ» አሉት ሽማግሌው ከጥጋቸው። «ምን ያስፈራል?»

«ይተዉኝ አባባ። እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

ጠመንጃውን የያዘው እሱ ነው። ቃሏን መጥራት ግን ፈራ።

አፌን ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሜዳው፣ «ወረ» አልኩ። ከዚያ ከኋላዬ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ብቻውን «ድን» አለ። ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ ቤቱ ሙሉ መለሰ። ሌሎች ጠባቂዎች መጥተው በሩን በሰደፍ ደበደቡት፣ ከግቢው ማዶ አንድ ሰው ተሳደበ። እኛ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ቀጠልን። ሚሊሻው ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ከቆይታ በኋላ ያለ ፊርማ ለቀቁኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ። ስወጣ «አብሽር» አሉኝ፤ መባል የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ወግዲ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ እስካሁን አወቅኋቸው ያለኝ የለም።

አሰልጣኙ በራሱ ጊዜ ሄደ፣ በምስጋና ሸኙት። ቡድኑ አሁንም ታች ነው። የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፣ የሚጮኸውም «ይቀየር» እያለ ነው። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ያው አብሮኝ የታሰረው ነው። በዚያ ነገር አልወቅሰውም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ ምላጩ አንገቴ ላይ ስለሆነ ግን አላነሳበትም።

እሱ ዘንድ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ሲያዩኝ ይስቃሉ። «ለኳስ ብሎ እስር ቤት የቀረ» ይሉኛል። ለኳስ ብዬ አይደለም። ለኳስ ብዬ ቢሆን አሻራዬን አድርጌ ወጥቼ ጨዋታውን ባየሁ ነበር።