የቤተ መጻሕፍታችን የጓሮ በር

ትናንት ከሰዓት... ዝናቡ እንዳባራ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው ከተማችን፣ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድም አንባቢ አልነበረም። በረጃጅሞቹ መስኮቶች የገባው ብርሃን ጠረጴዛዎቹ ላይ ተኝቷል። እኔም አብሬው ልተኛ ምንም አልቀረኝ።

ቤቱን ያሠራው ጣሊያን ነው። ፊት ለፊቱ ሰፊ የድንጋይ ደረጃና ፈረስ ከነጋላቢው የሚያስገባ ቅስት በር አለው። ከጓሮ ደግሞ ካላጎነበሱ የማያሳልፍ ጠባብ በር አለ። የመጻሕፍት መደርደሪያ ማቆሚያ ስለጠበበን ይህንኑ በር ልናስደፍን ግንበኛ ጠርተናል።

ግንበኛው ሜትሩን እንደዘረጋ እማሆይ ጥሩነሽ በዚያው በር ጎንበስ ብለው ገቡ። ዘጠናን አልፈዋል፤ ማንበብ አይችሉም። ግን በየሳምንቱ መጥተው ጥግ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በጓሮ የሚገቡት ደረጃው ከብዷቸው ይመስለኝ ነበር።

«እማሆይ፣ ከእንግዲህ በፊት ለፊት ነው የሚገቡት። ይሄን ልንደፍነው ነው» አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ... ደነገጥኩ።

«ይችን በር አባቴ ነው የሠራት» አሉኝ። «ጣሊያኑ ሹም፣ ሀበሻ አጎንብሶ የሚገባበት በር ሥራ ብሎ በግድ አሠራው። ሠርቶ ሲጨርስ ቤት ገብቶ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ጥርሱን አላየንም።»

«ከዚያስ?»

«አርበኛ የገባ ዕለት ተኩሱ በደረጃው በኩል ሆነ። ሹሙ መውጫ አጣ። ቁመቱ እኮ ባሕር ዛፍ ነው... እጥፍጥፍ ብሎ፣ ባርኔጣውን ጥሎ በዚች ወጣ። ቤታችን ከአጥሩ ማዶ ነበር፤ እኔና አባቴ አየነው። አባቴ ሳቀ ልጄ። መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔ እሱን ሳቅ ልሰማ ነው የምመጣ።»

ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ብቻ ይሰማል። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም... እኔም ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ሲስቅ የሰማሁ መሰለኝ።

ግንበኛው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ ይሄን አልደፍንም» አለና ሄደ። እማሆይም ጥጋቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ነገ አለቃዬ በሩ ለምን እንዳልተደፈነ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ረጅም ሰው ነው... በየት በኩል እንደማስገባው ወስኛለሁ።